የተራራ ኤልፍ፣ ደም ሃያ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስንታየሁ፣

ሰላምታውን ባሳጥረው አትቀየመኝ፤ ደክሞኛል። ሁላችንም አለን። ሙቀቱም አለ። ደብዳቤህን የሱፍ ከአይሱዙው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝና ሽንኩርቱን ሊያራግፍ ሄደ፤ ወረቀቱ እስካሁን ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ኔትወርክ የሌለበት የወርቅ ጉድጓድ ድረስ መሄድህ አናዶኝ ነበር። ደብዳቤ ሲጻፍልኝ ግን ከትምህርት ቤት ወዲህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ንዴቴ ትንሽ በረድ ብሏል።

ከጠየቅኸኝ ሦስት ነገሮች ሁለቱን እመልሳለሁ። ሦስተኛው ይቆይልኝ።

የጨዋታው ጠረጴዛ አለ ወይ ላልከው፣ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ፋጢማ የልብስ ስፌት ቤቷን በር ገርበብ አድርጋ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጨርቁን ታነሳለች። ኦኬሎ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ይገባል። ኛቾል ከምታስተምርበት ከጀዊ የስደተኞች መጠለያ ከእኔ ጋር በመሥሪያ ቤት መኪና ትመጣለች። ካርታውን ፋጢማ በስፌት ጠመኔዋ ትስላለች፤ «ለሱሪ የገዛሁትን ጠመኔ ጫካ ጨረሰው» እያለች። አንተ የተውከውን ታሪክ የምመራው እኔ ነኝ፤ ግን እንዳንተ አይሆንልኝም። አንተ ድልድይ ስታፈርስ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። እኔ ሳፈርስ ኦኬሎ «ኮንትራክተሩ ማነው?» ይላል።

ሁለተኛው የኤልፎቹ ነገር ነው። ጥሩ አይደለም። አንተ ስትሄድ ኦኬሎ የተራራውን፣ ፋጢማ የጫካውን፣ ኛቾል የወንዙን ኤልፍ ይዘው ነበር። አሁን ሁሉም የወንዙን ነው የሚፈልጉት። ፋጢማ እንዲህ አለችኝ፦ «ሦስቱም ጆሯቸው ሹል፣ ሦስቱም ዕድሜያቸው ረጅም፣ ሦስቱም ቀስተኛ። የወንዙ ያክማል፣ የእኛ አያክምም። ታዲያ ሞኝ ነኝ?» ኛቾል አንገቷን ደፋች። ማንም ሳይፈልገው የወንዙን የመረጠች እሷ ነበረች።

አንድ ኤልፍ ይበቃል ስንልህ «ኤልፍ ሁሉ አንድ ነው የሚል ኤልፍ አላየም» ብለህ ሦስት ያደረግኸው አንተ ነህ። ያኔ ከሕግ ደብተሩ ላይ «ብልህነት» የሚለውን ዓምድ በሁለት መስመር ሰርዘነው ነበር፤ በዚህ ከተማ የትኛው ሕዝብ ብልህ እንደሆነ በቁጥር የሚጽፍ የለም ብለን። መስመሩ አሁንም ደብተሩ ላይ አለ። ሌላም መሰረዝ የነበረብን ነገር ሳይኖር አይቀርም።

እኔ እንደምታውቀው ቀኑን ሙሉ ጀዊ መዝገብ ቤት ነኝ። ሰው ፊቴ ይቀመጣል፤ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ጎሳ፣ ፊርማ፣ ቀጣይ። ቅዳሜም መጥቼ የማን ዘር ምን ያህል ደም ይኑረው ስል ሳቄም ይመጣል፣ እንባዬም ይመጣል።

እናትህ ሐሙስ ከአቦቦ ለገበያ መጥተው ነበር። እኔን ፍለጋ ስፌት ቤቱ ገብተው ወረቀቶቹን አዩና ኤልፍ ምንድነው አሉኝ። ጆሮው የሾለ፣ ዕድሜው የረዘመ፣ ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ሰው ነው አልኳቸው፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ይዘን፣ ዳይስ የምትባል ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር እየጣልን እናኖረዋለን። «ልጄ ከዚህ ምን ያገኛል?» አሉ። ምንም፣ እማማ ቦጋለች፣ አልኳቸው። «እንደ ወርቁ ነዋ» ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ።

መቼ እንደምትመጣ ጠይቀውኛል። አላውቅም አልኩ፤ አልዋሸሁም።

ኤልሳ

ዲማ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልሳ፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። የሱፍ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። እዚህ ስድስት ሆነን አንድ ጉድጓድ እንቆፍራለን። አፈር እናወጣለን፣ አፈሩን እናጥባለን፣ ታጥቦም አፈር ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ብልጭ ይላል፤ ያቺ ብልጭታ ናት የያዘችን።

መቼ ትመለሳለህ ብለሽ በትንሽ ወረቀት ለብቻ ለጠየቅሽኝ መልሱ ገና ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ ሥራዬን ሰው እያየኝ ጥዬ፣ ባዶ እጄን አልመለስም። ከዚያ እናቴ ፊት እንዴት እቆማለሁ? ይህን ሁለተኛ አታንሺብኝ።

ወደ ኤልፎቹ። ደብተሩን ፋጢማ የወገብ ልክ እየጻፈችበት ይሆናል ብዬ ሕጉን እደግመዋለሁ። የተራራው ኤልፍ ደሙ ሃያ ነው፤ የሌሎቹ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት። አንድ ምት ብዙውን ጊዜ ስድስት ደም ይወስዳል። ስለዚህ ሌሎቹ በሁለተኛው ምት ሲወድቁ የተራራው ሦስት ተመትቶም ብቻውን ይቆማል። የጫካው ደሙ ትንሽ ቢሆንም ሲመቱት ዳይሱ አምስት ወይም ስድስት ካወጣ ያመልጣል። የወንዙ ቡድኑ ባረፈ ቁጥር ከእያንዳንዱ ቁስለኛ ላይ አንድ አንድ ቁስል ያነሳል፤ አንድ ቁስል አንድ ደም ነው። ስድስት ተመትቶ አንድ ቢነሳለት ምን ያህል ነው? ብዙ አይደለም። ሦስቱን መቶ ጊዜ በወረቀት ላይ አዋግቻቸዋለሁ፤ እኩል ናቸው።

ቢሆንም እናንተ ከሸሻችሁ የሸሻችሁበት ምክንያት ይኖራል። ለተራራው ደሙን ሃያ አራት አድርጊው። የጫካው በአራትም ያምልጥ። የወንዙ ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ፣ በቀን አንድ ጊዜ ያክም። ይበቃዋል።

ሦስተኛውን ጥያቄዬን ዘለልሽው። አይቻለሁ።

ስንታየሁ

ጋምቤላ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስንቴ፣

ለማስተካከያው አመሰግናለሁ። አልሠራም።

ኦኬሎ ሃያ አራቱን ደም ይዞ ሁለት ቅዳሜ ተጫወተ። ትናንት ወረቀቱን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦ «ሃያ አራት ደም ምን ላርገው? እኔ አልሞትም። ሌላውም አልሞተም። እኔ ዝም ብዬ ትልቅ ሰው ነኝ።» ከዚያ ባይጨምር ጥሩ ነበር። ጨመረ። «ስንቴ ለተራራ ደም ሰጠ። እሱም የተራራ ሰው ነው።»

ፋጢማ መቀሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ስንቴ አቦቦ ነው የተወለደው» አለች። «ተራራ ያየው በቴሌቪዥን ነው። እኔም እንደዛው። ወላጆቻችንን ከደጋ አምጥተው እዚህ ሲያሰፍሯቸው እኛን ማንም አልጠየቀንም።»

እንዲህ ዓይነት ቃል እዚህ ከተማ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚከተል ታውቃለህ። ኦኬሎ ወረቀቱን ለሁለት ቀዶ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፋጢማ በር ላይ ጥቁር ክር፣ ነጭ ክር፣ አንድ ሙሉ ካርቶን ተቀምጦ አየሁ። ከገበያ ላምጣልሽ ብሏት የነበረው ነው። ሳያንኳኳ አስቀምጦት ሄዷል። ፋጢማም ክሩን አስገባች፣ ስሙን ግን አላነሳችም። ትናንት ማታውኑ ግን ያለችው አለ፤ እስከ ገና ድረስ ኤልፎቹ እኩል ካልሆኑ ጠረጴዛው የጨርቅ መቁረጫ ብቻ ይሆናል። እሷ ካለች ታደርገዋለች።

አንተ እዚያ ሆነህ ይህ ጨዋታ ነው ትል ይሆናል። እኔም እንደዛ ማለት እፈልጋለሁ። ግን አስበው እስቲ። ኦኬሎና እኔ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ ፋጢማ መስጊዷ ነች፤ ኛቾል መጠለያዋ። ሰፈራችን ለየብቻ፣ ለቅሷችን ለየብቻ ነው። አራታችን አንድ ላይ የምንቀመጥበት ቦታ ይቺ አንዲት ጠረጴዛ ናት። እሷ ከሄደች ሌላ የለኝም። ደክሞኛል እያልኩ የምመጣው ለዚህ ነው።

እናትህ ደህና ናቸው። የአልዌሮ ግድብ ውሃ ዘንድሮ ወረደ እያሉ ያማርራሉ። ብርድ ልብሱ ደርሷቸዋል፤ በዚህ ሙቀት ምን እንዲያደርጉበት እንደላክኸው ግን አልገባቸውም።

ኤልሳ

ዲማ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልሳ፣

አሳጥራለሁ። የፊደሌን ነገር እንዳታነሺ፣ እስክሪብቶው ነው።

ኦኬሎ ያለውን አልተቀየምኩም። ንገሪው። የተራራውን ኤልፍ ስሠራ ስለ ተራራ አላሰብኩም፤ ብቻውን ሊቆም ስለሚችል ሰው ነበር ያሰብኩት። እንደዚያ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ውጤቱ ከተበላሸ እዚያ ሕጉ ውስጥ የሌለ ነገር እየተደረገ ነው ማለት ነው። ተማሪ ከደብተሩ ላይ አንድ መስመር ዘሎ ሲያሳየኝ አውቅ ነበር። አንቺም አንድ መስመር ዘለሻል። የአንድ ቅዳሜ ጨዋታ፣ እያንዳንዱን ዳይስ፣ እያንዳንዱን ቁስል ማን ላይ እንዳረፈ ጽፈሽ ላኪልኝ። ምንም ሳትደብቂ።

እኔ ደህና ነኝ።

ስንታየሁ

ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስንቴ፣

እንኳን አደረሰህ፤ ገና ከነገ ወዲያ ነው። ፋጢማ የራሷ በዓል ስላልሆነ ነው መሰል የሰጠችንን ቀነ ገደብ ወደ ጥር መጨረሻ አዛውራዋለች።

ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። መስመር ዘልያለሁ። መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ሦስተኛ ነገር «ሰርዶስ?» የሚል ነበር። ልትሄድ ሰሞን ታሪክ መምራቱን ለእኔ ትተህ የያዝከው የተራራ ኤልፍ፣ ሰርዶ፣ ምን ሆነ ማለትህ ነው። እሱን ከነገርኩህ ሁሉንም መናገር ስለሚሆንብኝ ነው የዘለልኩት።

አንተ በሄድክ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሰርዶ ወረቀት በወንበርህ ፊት ተቀምጦ ነበር። ማንም ሊያነሳው አልፈለገም። ታሪኩ ውስጥ አድፍጠው የነበሩት ጦረኞች ወጡ፣ ማን ላይ እንደሚያርፍ ዳይስ ጣልኩ፣ ሰርዶ ላይ አረፈ። ስድስት። ኛቾል እጇን ወረቀቱ ላይ አደረገች። «ጀዊ ውስጥ የታመመ ሰው ጀሪካን ባዶ አይውልም» አለች። «ወረፋውን ተካፍለን እንቀዳለታለን። ስንቴ የለም። ቁስሉን እንካፈል።» ስድስቱን ለሦስት ተካፈሉት፣ ሁለት ሁለት። ሰርዶ አንድም አልነካውም።

በሳምንቱ የፋጢማ ኤልፍ ተመታች። ኦኬሎ «ለሌለ ሰው ያደረግነውን ላለ ሰው እንተው?» አለ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጠረጴዛ ማንም ቁስሉን ለብቻው ተሸክሞ አያውቅም። ማንም ሕግ ነው ብሎ አልጻፈውም፤ እንደ ጀሪካኑ ሆኖ ተለመደ። ኦኬሎ ወረቀቱን ከመቅደዱ በፊት የተጫወትነውን የአንድ ቅዳሜ ጨዋታ እንዳልከኝ በጀርባው ገልብጬልሃለሁ። ሰርዶ ዛሬም ሃያ ደሙ ሙሉ ነው።

ለምን ደበቅሽኝ ትል ይሆናል። ከጠረጴዛ የወደቀ ዳይስ ፋጢማ ደግማ ጣለች ብለህ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ ያስቆምክ ሰው ነህ። አቁሙ ብትላቸው ላንተ ሲሉ ያቆማሉ። እንዲያቆሙ አልፈለግሁም። ምክንያቴ ይኸው ነው።

አሁን ተራዬ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ፊርማ ሳይ የምውል ሴት ነኝ። እስክሪብቶ ሲበላሽ ፊደል ይደበዝዛል እንጂ ወደ ግራ አያጋድልም። ቀኝ እጅህ ምን ሆነ?

ኤልሳ

ዲማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልሳ፣

ይህን የሚጽፍልሽ የሱፍ ነው፣ እኔ እያልኩት።

የላክሽው ደርሶኛል። ስህተቱን አገኘሁት፤ የቁጥር አይደለም። ስድስቱን ምት አንድ ሰው ሲሸከመው ቁስለኛው አንድ ነው፤ የወንዙ ኤልፍ አንድ ያነሳል፣ አምስት ይቀራል። ለሦስት ስትካፈሉት ቁስለኛው ሦስት ነው፤ ከእያንዳንዱ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ያነሳል፣ ሦስት ይቀራል። በሌላ አነጋገር እናንተ ዘንድ የወንዙ ኤልፍ እኔ ከሠራሁት ሦስት እጥፍ ነው። የጫካዋ ከራሷ ምት ብታመልጥም የሌላውን ድርሻ ስለምትቀበል ማምለጧ ከንቱ ነው። የተራራው ሃያ ደም የተሰጠው ብቻውን ለሚቆም ነው፤ እዚያ ብቻውን የሚቆም የለም። ኦኬሎ ዝም ብዬ ትልቅ ሰው ነኝ ያለው ልክ ነው።

ማካፈሉን ብታቆሙ ወዲያው ይስተካከላል። አታቁሙ ማለትም እችላለሁ፤ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው መሥራት ይጠይቃል፣ ለዚያ ደግሞ አቅም የለኝም። ሰርዶን ከጠረጴዛው አንሱት። ይሙትና ወንበሩን ይልቀቅ። የነገሩ መነሻ እሱ ነው።

እጄን አትጠይቂኝ። ለእናቴም ምንም እንዳትነግሪ።

ስንታየሁ

ኤልሳ እኔ የሱፍ ነኝ። እስከዚህ የሱ ነው። አሁን ተኝቷል ስለዚህ የራሴን ልጽፍ። በኅዳር መጨረሻ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ቀኝ እጁ ላይ ወረደ። ሁለት ጣት የለም። የቀሩት እስከ አንጓው አብጠዋል። ትኩሳት ይመጣል ይሄዳል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው ከዚያ ወደ ቤት ይልኩኛል፣ ባዶ እጄን አልገባም ይላል። እኔ ሹፌር ነኝ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሽታውን አውቃለሁ። እጁን ያጣል፣ ወይ የባሰ ይመጣል። እኔን አይሰማኝም። እናንተን ከሰማ እዩት።

ጋምቤላ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስንቴ፣

ሰርዶን አላነሳነውም።

የሱፍ ቅዳሜ ከሰዓት ገባ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ያንተንም፣ የሱንም። ሳላነበው ብቀር ይቅርታ እጠይቅህ ነበር፤ ስላነበብኩት አልጠይቅህም። ኦኬሎ ወረቀቱን ከቀደደበት ቀን ወዲህ የመጣው ያን ቀን ነበር። ዳይሱን አነሳ፣ ሳይጥለው መልሶ አስቀመጠው። የሱፍን «መንገዱ ደርቋል?» አለው። ደርቋል አለው። «ሰኞ እንሂድ» አለ። የሱፍ ጭነት እስኪሞላለት ሊጠብቅ ነበር። እህቱ ፋጢማ ገላመጠችው፤ ጭነቱን ተወው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ኦኬሎ ነው። ባጃጁን ለወንድሙ ሰጥቷል። ከተጨቃጨቅኸው ተሸክሞ መኪናው ላይ ይጭንሃል፤ እኔ ፈቅጄለታለሁ።

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ፋጢማ ጨርቋን አውጥታ ጠርጋልሃለች። ለሆስፒታሉ ቅርብ ናት። እስከዚያ ድረስ ጥቅልሎቹ ሁሉ ሱቁን ሞልተው ደንበኛ የሚቀመጥበት የለም፤ እያማረረች ነው፣ ማማረሯ ለጤና ነው። ኛቾል መጠለያው ለዲማ የመውጫ ፈቃድ ስለማይሰጣት ከሁላችንም በላይ ተናዳለች። «እጁ እስኪድን የሚጽፈውን እኔ እጽፍለታለሁ፤ ፊደሌ ከየሱፍ ይሻላል» ብላለች። ይሻላል፣ አይቼዋለሁ።

የኔ ድርሻ ከባዱ ነበር። ትናንት አቦቦ ሄጄ ለእናትህ ነገርኳቸው። አትንገሪ እንዳልከኝ አውቃለሁ። በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር፤ እጃቸውን አላቋረጡም። ስጨርስ ባዶ እጁን አልገባም ነው የሚለው አልኳቸው። ያን ጊዜ ቀና አሉ። «እኔ እዚህ አገር ስገባ እጄ ላይ ምን ነበረ?» አሉኝ። «እሱ ብቻ። እሱም በሆዴ። ንገሪው።»

ነገርኩህ።

ከዚህ ወዲያ ያንተ ድርሻ አንድ ነው፤ መኪናው ላይ መውጣት። ጠንካራ ነህ፣ ሃያ ደም አለህ፣ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ጠንካራ አይደለህም አላለህም። እኔ ግን ሰው ስመዘግብ መኖር ሰልችቶኛል፤ ያንተን ስም ከመዝገብ መሰረዝ ደግሞ አልችልም። ና።

ኤልሳ

ዲማ ጤና ጣቢያ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልሳ፣

ግራ እጄ ነው። እስክሪብቶው ደህና ነው።

የሱፍ ቀድሞ ስለሚመለስ ይህን ይዞልሽ ይመጣል። ኦኬሎ እዚህ አጠገቤ ነው። ተጨቃጭቄው ነበር፤ ያልሽውን አደረገ። እስከ መኪናው ድረስ «ሃያ ደም ይከብዳል» እያለ ነው የተሸከመኝ። የእናቴን ቃል ከማንበቤ በፊት ቢሆን ኖሮ ታግዬ እወርድ ነበር። ካነበብኩ በኋላ ግን አለቀስኩ። ኦኬሎ አላየሁም ይላል፤ አይቷል።

አንድ ጣት ደግሞ ወስደዋል። እጁ ግን ይቀራል ብለውኛል፤ ትኩሳቱም ለቆኛል። ጋምቤላ ሆስፒታል የምሰጠው ወረቀት ጽፈውልኛል። ዋሽቼሽ ነበርና ይቅር በይኝ። ደህና ነኝ ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው፤ የመጀመሪያው ወር ብቻ እውነት ነበር።

እዚህ አልጋ ላይ ሥራ የለኝም፤ ስለዚህ ሕጉን ከመጀመሪያው ሠራሁት። ኦኬሎ እያነበብኩለት ተቃወመ፣ ሁለት ቦታ አስቀየረኝ። ወደ ደብተሩ ኛቾል ትገልብጠው።

ቁስል ይካፈላል። ይህ ከአሁን ወዲያ የመጀመሪያው ሕግ ነው። የወንዝ ኤልፍ በዕረፍት አንድ ሰው ብቻ ይመርጥና ሁለት ቁስል ያነሳለታል። የጫካ ኤልፍ ምቱ ከመካፈሉ በፊት ዳይሱን ትጥላለች፤ ማን ላይም ቢሰነዘር ካመለጠች ሁላችንም አመለጥን። የተራራ ኤልፍ ደሙ እንደ ድሮው ሃያ ይሁን፤ ሲካፈሉ ሁለት ድርሻ መውሰድ ይችላል። ነገር ግን የራሱን ቁስል መደበቅ አይችልም። በተመታ ቁጥር ለጠረጴዛው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ካልተናገረ ቁስሉ እጥፍ ይሆንበታል። ይህችኛዋን ኦኬሎ ነው ያስጨመረኝ። የቀደደውንም ወረቀት አዲስ እጽፋለሁ ብሏል፤ የተራራውን ይፈልጋል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሰርዶ ሃያ ደሙ ሙሉ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ተመትቶ ሳይናገር ቆይቷል። የቀረ ደሙን ስምንት ብለሽ ጻፊው። የካቲት 8 ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ አሥራ ሁለቱን ቁስል ያኔ ተካፈሉልኝ። ለአራት ሦስት ሦስት ይደርሳችኋል። ታሪክ መሪ ደም የለውም የሚለውን ሕግ ሰርዤዋለሁ፤ አንቺንም ቆጥሬሻለሁ።

ስንታየሁ